ክሬቲን፣ ፕሮቲን ፓውደር፣ ቢሲኤኤ፣ ፕሪ-ወርክአውት፦ ለተራ ጂመኛ በእውነት የሚሠራው የቱ ነው?

ብረት_ገፊ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ክር የከፈትኩት በየጂሙ የማየው ነገር ስላንገበገበኝ ነው። አንድ ልጅ ይመዘገባል። ስኳት እንዴት እንደሚወረድ ገና አልለመደም። ትንሽ ሳይቆይ "ምን ልውሰድ?" ብሎ ይጠይቃል። አጠገቡ ያለውም ሰው ዌይ (ከወተት የሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት)፣ ክሬቲን፣ ቢሲኤኤ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሦስቱ)፣ ፕሪ-ወርክአውት (ከሥራ በፊት የሚጠጣ ማነቃቂያ)፣ ማስ ጌይነር (ማወፈሪያ ዱቄት)፣ ፋት በርነር (ስብ ማቅለጫ የሚባለው) እያለ ይደረድርለታል፤ ልጁም የደሞዙን ግማሽ ይዞ ሱቅ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የእነዚህ ጣሳዎች ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ጂም ለሚገባ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ለሚሠራ ሰው ብር ሊወጣባቸው የሚገቡት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ክሬቲን ነው። ሌላው ፕሮቲን ፓውደር ነው፣ እሱም በምግብ ካልሞላለት ብቻ። የቀረው ወይ ቤት ውስጥ አለ፣ ወይ አይሠራም፣ ወይ ያሳምማል።

በፕሮቲን ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትልቅ ትንተና አለ፤ 49 ጥናቶችንና 1,863 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ያየ። ሰዎቹ ብረት በመሥራታቸው ብቻ የሚያነሱት ክብደት በአማካይ 27 ኪሎ ገደማ ጨመረ። ተጨማሪ ፕሮቲን መውሰዳቸው በዚያ ላይ ያከለላቸው 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ከስብ ውጭ ባለው የሰውነት ክብደት ደግሞ ልዩነቱ 300 ግራም። ሦስት መቶ ግራም ብቻ! ፕሮቲን ይሠራል፣ አልካድኩም። ግን ትልቁን ሥራ የሠራው ብረቱ ነው። ያው ትንተና እንዳሳየው ጥቅሙ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 112 ግራም ማለት ነው። ከዚያ በላይ የምትጠጣው ፕሮቲን ጡንቻ አይጨምርልህም።

ክሬቲን ላይ ያለው ማስረጃ ከሁሉም የጠነከረ ነው። ሰውነታችን ራሱ በቀን 1 ግራም ያህል ያመርታል፣ ከሥጋና ከዓሣም እናገኛለን። አብዛኛው የሚቀመጠው ጡንቻ ውስጥ ሲሆን፣ ከባድ ነገር ስታነሳ የወጣው ኃይል ቶሎ እንዲተካ ያግዛል። ስምንት ላይ ታቆም የነበርከው ዘጠኝ አሥር ትላለህ፣ ያቺ ጭማሪ ደግሞ በወራት ውስጥ ጡንቻ ትሆናለች። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። ሞኖሃይድሬት የሚባለው ርካሹ ዓይነት ነው በብዛት የተጠናው። በእጥፍ ዋጋ የሚሸጡት ሌሎቹ ዓይነቶች ከሱ በልጠው አልተገኙም።

የማይስማማ ይምጣና እንከራከር።

ኮች_ከጀሞ፦

ወንድሜ በዋናው ሐሳብ አብሬህ ነኝ። ግን "በምግብ ካልሞላለት ብቻ" ያልካትን ቶሎ አለፍካት፣ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ የማሠለጥናቸውን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሚበሉ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ። ምሳ አንድ ሽሮ ለሁለት። ማታ ደክሟቸው የተገኘውን ቀማምሰው መተኛት። በዚህ አበላል 112 ግራም ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የሚሞላ አበላል ምን እንደሚመስል ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፣ እዚህም ላስቀምጠው። ጠዋት ሦስት እንቁላል፣ 18 ግራም። ምሳ ከ100 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥ፣ 24 ግራም ገደማ። በቀኑ ውስጥ የሚበላው እንጀራ 200 ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣበት ከሆነ 25 ግራም አካባቢ። ብዙ ሰው ይህችን እንጀራ ሳይቆጥር ያልፋታል፣ መቆጠር አለባት። ማታ 150 ግራም ሥጋ፣ 30 ግራም። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 16 ግራም። ደምሩት፣ 113 ገደማ ይመጣል። ከውጭ የገባ አንድም ነገር የለበትም።

ሌላ ሒሳብ። 5 ፓውንድ የዌይ ጣሳ ውስጥ 24 ግራም ፕሮቲን የሚሰጥ 70 ምናምን ስኩፕ (ጣሳው ውስጥ ባለው መስፈሪያ ማንኪያ) አለ፤ በጠቅላላው 1,700 ግራም ፕሮቲን አካባቢ። ያንኑ ያህል ፕሮቲን 280 እንቁላል ውስጥ ወይም 7 ኪሎ ደረቅ ምስር ውስጥ ታገኘዋለህ። የጣሳውን ዋጋ ጠይቅና ሰፈርህ ካለው የእንቁላልና የምስር ዋጋ ጋር አስተያየው። ካልኩሌተር ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

አስመጪ_ሃያሁለት፦

እኔ ሻጭ ነኝ፣ አልደብቅም፣ ስለዚህ ስሙኝ። ኮች ያቀረብከው ሒሳብ ልክ ነው፣ ግን ሰዓት አልቆጠርክም። ከእኔ የሚገዛው የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የራይድ ሹፌር አለ፣ ሌሊት ተረኛ ነርስ አለች። ምስር የሚቀቅል ሰው ቤታቸው የለም። አንድ ስኩፕ በውሃ በጥብጦ መኪና ውስጥ መጠጣት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ይህን "ብክነት" ማለት ልክ አይመስለኝም።

ቢሲኤኤን በተመለከተ ደግሞ ጠዋት ባዶ ሆዳቸውን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ምግብ በልተው መሥራት ያቅለሸልሻቸዋል። ጡንቻቸው እንዳይበላ ቢሲኤኤ ይጠጣሉ፣ ደስ ብሏቸውም ተመልሰው ይገዛሉ። ፕሪ-ወርክአውትም እንደዚሁ። ሥራ ውሎ የደከመ ሰው ጉልበት አግኝቶ ሲሠራ በዓይናችን እያየን "አይሠራም" ማለት እንዴት ይቻላል?

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

አስመጪ፣ ስለ ሰዓት ያነሳኸው እውነት ነው፣ እኔም ሌሊት ተረኛ ስሆን ፓውደር ይዤ ነው የምገባው። ቢሲኤኤው ላይ ግን አልስማማም። ጡንቻ ለመገንባት ሰውነታችን ሊሠራቸው የማይችላቸው 9 አሚኖ አሲዶች በሙሉ መኖር አለባቸው። ቢሲኤኤ ሦስቱን ብቻ ነው የሚሰጠው፦ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን። ስድስቱ ከየት ይምጡ? ከምግብ ካልመጡ ከራሱ ከጡንቻው ፈርሰው ነው የሚወጡት። ጭቃውም ጭዱም ሳይኖር እንጨት ብቻ ገዝቶ ቤት ልሥራ እንደማለት ነው። ደግሞ አንድ ስኩፕ ዌይ ውስጥ 5 ግራም ያህል ቢሲኤኤ አለ፣ ከቀሩት ስድስቱ ጋር። ዌይ የሚጠጣ ሰው ቢሲኤኤ ሲገዛ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው። ባዶ ሆዱን መሥራት ለሚፈልግ ግማሽ ስኩፕ ዌይ በውሃ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ማስ ጌይነር ልምጣ፣ ምክንያቱም ቀጫጭን ልጆች በጣም የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። የአንዱን ታዋቂ ዓይነት ጀርባ አንብቡት። አንድ ጊዜ የሚጠጣው መጠን 334 ግራም ይላል። ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ 50 ግራም ነው። 250 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው፣ እሱም በአብዛኛው ማልቶዴክስትሪን የሚባል ከስታርች የሚሠራ ነገር፤ ደም ውስጥ እንደ ስኳር ፈጥኖ ነው የሚገባው። እና 2.7 ኪሎ የሚያህለው ያ ትልቅ ከረጢት ከውስጡ የሚወጣው ስምንት መጠጥ ብቻ ነው። ስምንት! በየቀኑ ከጠጣኸው ሳምንት አልፎ አንድ ቀን። በሶ፣ ኦቾሎኒ፣ ሙዝና ወተት አንድ ላይ መትታችሁ ብትጠጡ ካሎሪውንም ፕሮቲኑንም ታገኛላችሁ።

በጣም የምለምናችሁ ግን ስለ ማወፈሪያ ክኒን ነው። ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን። ከአስተናጋጅ እስከ ጂም ልጅ እየመጣ ይጠይቀኛል፣ ያለ ማዘዣ አልሰጥም፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይገዛል። ፊት ሲነፋ "ወፈርኩ" ይላሉ። ያ ውሃና ስብ ነው። ዴክሳሜታዞን ጡንቻን ያሟሽሻል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን እየወሰደ ያለ ካለ በራሱ አያቁም፣ ሐኪም ጋ ይሂድና ቀስ በቀስ ይቀንሱለት።

ጾመኛ_ሊፍተር፦

ሰላም እህቴ፣ ሰላም ኮች። እኔ ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፣ ሌሎቹ አጽዋማትና ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ኮች ያወጣኸው ዝርዝር ላይ እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ሲወጣ የቀረው ምስርና እንጀራ ነው። ዌይም ከወተት ስለሆነ አይሆንም። ጓደኞቼ "በጾም ጡንቻ አይታሰብም፣ ዝም ብለህ ካርዲዮ ሥራ" ይሉኛል። እውነት ነው? ክሬቲንስ ከእንስሳ ነው የሚሠራው?

ኮች_ከጀሞ፦

ጓደኞችህን አትስማቸው። በጾም መሥራት ይቻላል፣ አሰብ አድርጎ መብላት ነው የሚጠይቀው። ምስሩንና እንጀራውን እንዳለ ተወው፣ 49 ግራም ይዘሃል። ማታ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት የወጣበት ሽሮ ጨምር፣ 20 ግራም። ግማሽ እፍኝ ሳይሆን ጠገብ ያለ ኦቾሎኒ፣ 50 ግራም ያህል፣ 12 ግራም። 81 ደረስን። የቀረውን 30 ግራም ከአኩሪ አተር አምጣው። ደረቅ አኩሪ አተር በ100 ግራም 36 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ከጥራጥሬ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ቆልተህ ብላው፣ ወይ አስፈጭተህ ሽሮው ላይ ቀላቅለው። ያልተመቸው የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፓውደር አንድ ስኩፕ ይጨምር። እዚህ ላይ ፓውደር ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ስትበላ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጥራጥሬ ላይ የሚያንሰው አሚኖ አሲድ እህሉ ላይ አለ፣ እህሉ ላይ የሚያንሰው ጥራጥሬው ላይ አለ። እናቶቻችን ሲያበሉን የኖሩት ሙሉ ፕሮቲን ነው።

ብረት_ገፊ፦

ክሬቲኑን እኔ ልመልስ። ክሬቲን ሞኖሃይድሬት የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል ነው፣ ሳርኮሲንና ሳያናማይድ ከሚባሉ። ከእንስሳ አይወጣም። ዱቄቱን ግዛ፣ ካፕሱሉን ተወው፣ ምክንያቱም የካፕሱሉ ልባስ ከእንስሳ በሚገኝ ጄላቲን ሊሠራ ይችላል። እና ልብ በል፣ ሥጋና ዓሣ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ክሬቲን ከሥጋ በላተኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ መውሰድ ሲጀምር ለውጡ ብዙ ጊዜ ጎላ ብሎ ይታይበታል። በጾም ክሬቲን የሚጠቅመው ከማንም በላይ አንተን ነው።

ዴይራ_ነዋሪ፦

ከዱባይ ነው የምጽፈው። እዚህ የሰፕሊመንት ሱቅ እንደ ግሮሰሪ ነው፣ ወደ አዲስ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር "በሻንጣህ አንድ ጣሳ ያዝልኝ" የማይለኝ ዘመድ የለም። ስለ ፕሪ-ወርክአውት ማንም በሰፊው ስላላነሳው ልናገር።

ብዙዎቹ በአንድ ስኩፕ ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን አላቸው፣ ከዚያም በላይ ያለው አለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ብዙም ስጋት የለውም ይላል። እዚህ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሻይና ኢነርጂ ድሪንክ ሲጠጡ ውለው ማታ ሁለት ስኩፕ ይጨምሩበታል። ልባቸው ሲመታ ከውጭ የሚሰማ ይመስላል። በበጋ፣ በዚያ ሙቀት፣ ውሃ ሳይጠጡ። አንዳንዱማ ዱቄቱን ያለ ውሃ አፉ ውስጥ ይገለብጠዋል፣ ከኢንተርኔት አይቶ። ያ ትን ብሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ካፌይኑም በአንዴ ነው የሚወርደው።

እና ያ ፊት ላይ የሚቆነጥጠው ነገር አለ አይደል፣ ሰው "አሁን ሠራ" የሚልበት። ቤታ አላኒን ነው። ቁንጠጣው መሥራቱን አያሳይም። ቤታ አላኒን የሚጠቅመው በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ነው፣ ያውም ከአንድ እስከ አራት ደቂቃ ለሚቆይ ከባድ እንቅስቃሴ። አምስት ጊዜ ቤንች ገፍቶ ለሚያርፍ ሰው ብዙም አይፈይድ።

እንቅልፍ ደግሞ አለ። ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት 300 ሚሊግራም የጠጣ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ገና 150ው ውስጡ አለ። ጡንቻ የሚያገግመው ስትተኛ ነው። ጉልበት ልግዛ ብለህ እንቅልፍህን ሸጥክ ማለት ነው።

አስመጪ_ሃያሁለት፦

እሺ፣ ማታ ላይ መጠጣት ልክ አይደለም፣ እኔም ለደንበኞቼ እነግራለሁ። ግን ካፌይን ይሠራል አይደል? ይህን እንኳን እመኑ።

ብረት_ገፊ፦

ካፌይን ይሠራል፣ በደንብ። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ሲወሰድ አቅምን እንደሚጨምር በብዙ ጥናት የታየ ነው። እኛ ግን ቡና አገር ነው ያለነው። ከሥራ በፊት አንድ ሁለት ስኒ ጠንከር ያለ ቡና ጠጥቶ መግባት ይቻላል። በዚያ ዋጋ ቀለምና የፍራፍሬ ጣዕም የተጨመረበት ካፌይን መግዛት ለምን?

"ደንበኞቼ ለውጥ ይሰማናል ይላሉ" ስላልከው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። አትሌቶቹ ስቴሮይድ እየወሰዳችሁ ነው ተባሉ፣ የተሰጣቸው ግን ምንም የሌለበት ክኒን ነበር። የሚያነሱት ክብደት በግልጽ ጨመረ። ሰው ገንዘብ አውጥቶ፣ ይሠራል ብሎ አምኖ ሲወስድ በርትቶ ይሠራል። ስሜቱ ውሸት አይደለም። ግን ብርታቱን የፈጠረው ጣሳው መሆኑን አያረጋግጥም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነኝ። ሁሉም ሰው እዚህ ድረስ ሲነጋገር ጣሳው ላይ የተጻፈው ጣሳው ውስጥ አለ ብሎ አምኖ ነው። እኔ እሱ ላይ ነው ጥያቄዬ።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ "የአሜሪካ ነው" ሲባሉ ተመርምሮ ያለፈ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰፕሊመንት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ኤፍዲኤ እንዲያጸድቀው አያስገድድም። አምራቹ ይሸጣል፣ ችግር ሲመጣ ነው ተቆጣጣሪው የሚገባው። ኤፌድራ የሚባለው የማክሲያ ንጥረ ነገር ሰው ከገደለ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2004 የታገደው። ጀርመን አገር ያለው የኮሎኝ ላብራቶሪ ደግሞ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ሰፕሊመንቶችን ሲመረምር 94ቱ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ነገር አገኘ። ከሰባት አንድ ማለት ነው! ጥናቱ የቆየ ቢሆንም ያሳየው ችግር አሁንም አለ፣ በተለይ ፋት በርነርና "ቴስቶስትሮን ማበልጸጊያ" በሚባሉት ላይ። ትሪቡለስ የሚባለው ቅጠል ጤናማ ወንድ ላይ ቴስቶስትሮን እንደማይጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። የሚሠራ ነገር ከተገኘበት ያልተጻፈ ነገር ስለገባበት ይሆናል።

የፕሮቲን ፓውደርም ላይ ማጭበርበር አለ። ላብራቶሪው ፕሮቲንን የሚለካው በናይትሮጅን መጠን ከሆነ፣ አምራቹ ግላይሲንና ታውሪን የመሳሰሉ ርካሽ ነገሮችን ጨምሮ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይችላል። ወረቀት ላይ 24 ግራም፣ እውነተኛው ፕሮቲን ግን ከዚያ በታች። ስለዚህ ስትገዙ "ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት" ወይም "ኢንፎርምድ ስፖርት" የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፣ ከዚያም የባች ቁጥሩን (ጣሳው ላይ የተጻፈውን የምርት ዙር ቁጥር) ምልክቱን በሰጠው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አጣሩ። ምልክቱን ማተም ቀላል ነው፣ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ካልተገኘ አትግዙት።

ዴይራ_ነዋሪ፦

ልክ ነህ። አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ልጨምር። የጣሳው ክዳን ሥር ያለው የአልሙኒየም ሽፋን በአንድ በኩል ተላቅቆ በሙጫ ተመልሶ ተለጥፏል። ማብቂያ ቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ጥግ ላይ ስትፍቀው ያረጀው ቀን ይታያል። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ዱቄት ወተት ይንሳፈፋል፣ ስኩፑም ከሌላ ዓይነት የመጣ ነው። ሽፋኑን፣ ቀኑን፣ ስኩፑን እዩ። ባለሱቁ ከፍታችሁ እንድታዩ ካልፈቀደ ውጡ።

ብረቷ_እመቤት፦

ሴቶችን ማንም አላነሳንም። ክሬቲን ልጀምር ብዬ አንዱ ጂም ውስጥ "ወንድ ያስመስልሻል፣ ፀጉርሽም ይረግፋል" አለኝ። ሌላው ደግሞ "የሴቶች ፕሮቲን" ብሎ ሮዝ ጣሳ አሳየኝ፣ ዋጋው ከሌላው ይበልጣል። እህቴ ፋርማሲዋ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

እመቤት፣ ክሬቲን ሆርሞን አይደለም፣ ወንድ አያስመስልም። መጀመሪያ ሰሞን ሚዛን ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ጡንቻ ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው፣ ቦርጭ አይደለም። ሚዛኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። የፀጉሩ ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቂት ራግቢ ተጫዋቾች ላይ ከተሠራ አንድ ጥናት ነው። ከፀጉር መርገፍ ጋር የሚያያዝ ሆርሞን ጨምሮ ታየ፣ ፀጉራቸውን ግን ማንም አልለካም። ሮዙን ጣሳ አዙረሽ ጀርባውን አንብቢ። ፕሮቲኑ ያው ዌይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በስኩፕ ያነሰ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ግን ሐኪሟን ሳታማክር ምንም አትጀምር።

ወተት ለሚነፋው ሰው ደግሞ፣ ይህ እኛ አገር ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፣ አይሶሌት የሚባለው ዌይ ላክቶሱ (የወተት ስኳሩ) በጣም ያነሰ ስለሆነ ይሻለዋል።

ጡረተኛው፦

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። እኔ ስድሳን አልፌያለሁ። የጉልበቴ አቅም እየደከመ ሲመጣ ልጄ ጂም አስመዘገበችኝ፣ አሁን ቀለል ያለ ክብደት አነሳለሁ። ክሬቲን የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ይሆናል ወይስ የወጣት ነው? የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። ብረት መጀመርዎ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ክሬቲን እየወሰዱ ብረት የሠሩት ሳይወስዱ ከሠሩት ይልቅ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው በ1.4 ኪሎ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። በእርስዎ ዕድሜ ጡንቻ መያዝ ማለት ሳይወድቁ ደረጃ መውጣት፣ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣት ነውና ትንሽ አይደለም።

ግን ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። የግፊት መድኃኒትዎን ያዘዙልዎትን ሐኪም ያማክሩ፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ። የኩላሊት ምርመራም ያድርጉ። ኩላሊቱ ጤናማ በሆነ ሰው ላይ በተለመደው መጠን ጉዳት አልታየም፣ ቀድሞ የታመመ ኩላሊት ላይ ግን ክሬቲንም ሆነ ብዙ ፕሮቲን ያለ ሐኪም አይሞከርም። ክሬቲን ከጀመሩ በኋላ የደም ምርመራ ሲያደርጉ መውሰድዎን ይንገሯቸው። ኩላሊት የሚለካበት ክሬቲኒን የሚባለው ነገር ከክሬቲን ስለሚመጣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊታይና ያለ ምክንያት ሊያስደነግጥ ይችላል።

ጡረተኛው፦

ተባረኪ ልጄ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ እጠይቃለሁ።

የካፌ_ተማሪ፦

እኔ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ የምበላው የካፌ ነው። በወር ለዚህ የማወጣት ብር ትንሽ ናት። አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብትሉኝ ምን ልግዛ?

ኮች_ከጀሞ፦

መጀመሪያ እንቁላልና ኦቾሎኒ ግዛ። ካፌው ምስርና ሽሮ ሲያቀርብ ወጡን ጨረስ አድርገህ ብላ። ከዚያ የተረፈች ብር ካለች ክሬቲን። 300 ግራም የሆነው ትንሹ ጣሳ በቀን 3 ግራም ብትወስድ 100 ቀን ያደርስሃል። "ሎዲንግ" ብለው በቀን 20 ግራም ለሳምንት ውሰድ ይሉሃል፤ ጡንቻህን ቶሎ ይሞላዋል፣ ግን በ3 ግራምም በወር ገደማ እዚያው ትደርሳለህ። ብርህን ቆጥብ። ከጂም በፊትም ሆነ በኋላ፣ በውሃም በሻይም ብትጠጣው ለውጥ የለውም። ሳታቋርጥ መውሰዱ ነው የሚጠቅመው።

እና ደብተር ያዝ። ዛሬ ያነሳኸውን ክብደት ጻፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ድግግሞሽ ወይም በሁለት ኪሎ ተኩል አሳድገው። በየሳምንቱ ያንኑ ክብደት የሚያነሳ ሰው ክሬቲን በማንኪያ ቢበላም አያድግም።

አስመጪ_ሃያሁለት፦

ብዙ ነገር ሰማሁ፣ ጥሩ ውይይት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያልከውን ተቀብያለሁ። ነገ ጠዋት ሱቄ ያሉትን የክሬቲንና የዌይ ጣሳዎች የባች ቁጥር ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ማንም ያጣራ። ፋት በርነሩንም የጀመርኩትን ጨርሼ ሌላ አላስገባም። ቢሲኤኤውን ግን ከመደርደሪያ አላወርድም። ሰው አውቆ፣ ጣዕሙን ወዶ፣ በራሱ ብር ከገዛ መብቱ ነው።

ብረት_ገፊ፦

የቀረውን ፋት በርነርም አትሽጠው ወንድሜ፣ መልስላቸው። ውስጡ ምን እንዳለ አንተም አታውቅም። ቢሲኤኤው ላይ አንስማማም፣ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የሚገዛህ ሰው ዌይም አብሮ ከያዘ "ይህ እዚያ ውስጥ አለልህ" በለው፣ ከዚያ ይወስን። ፎቶዎቹን ነገ እጠብቃለሁ፣ ቁጥሮቹን ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር እናጣራቸዋለን።